ዕውር ቢሸፍት

«ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም» ይላል ያገራችን ሰው። ከልጅነታችን ጀምሮ እየሳቅን የሰማነው ተረት ነው። ደግሞም ያስቃል፤ ጠመንጃ አንግቶ፣ ዝናር ታጥቆ፣ «በቃ፣ ጫካ ገብቻለሁ» ብሎ ከጎመኑ መደብ መካከል የቆመ ሽፍታ በዓይነ ኅሊናችን ይመጣብናል። ይሁን እንጂ ነገሩን ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ተረቱ የሚናገረው ስለ ዓይን አይደለም። ሰውዬው አልገዛም ማለት ፈልጓል። ቂሙም፣ ሐሳቡም፣ ወኔውም አለው። ያጣው ከጓሮው የሚያሻግረውን ሰው ነው። አሻጋሪ ሊሆነው የሚችለው ሰው ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ሊሸፍትበት የተነሣው ያው የቤቱ አዛዥ ነው።

ይህን ያነሣነው ስለ ምርጫ ልንጽፍ ፈልገን ነው። ስለ ፓርቲዎች አይደለም፤ ማን ያሸንፋል ማን ይሸነፋል የሚለውን ለካፌ ወረፋ ትተነዋል። የያዝነው ጥያቄ ጠባብ ነው፣ ግን ቢቆፍሩት ቢቆፍሩት ጫፉ አይገኝም። ማየት የማይችል ወይም እጁ ብዕር የማይጨብጥ ሰው ድምፁን ሲሰጥ ሌላ ሰው ይረዳዋል። ታዲያ ያ ድምፅ የማን ነው? የመራጩ ነው ወይስ የረዳቱ? «ምሥጢር» የተባለውስ ድምፅ ሁለተኛ ሰው ካወቀው በኋላ ምሥጢር ይባላል ወይ?

ከደጃችን እንጀምር። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በጋሞ፣ በጎፋ፣ በወላይታ፣ በጌዴኦ፣ በኮንሶና በደቡብ ኦሞ ዞኖች፣ እንዲሁም በአምስት ልዩ ወረዳዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ነበር። የቀረበው ጥያቄ አንድ ነው፤ እነዚህ ዞኖችና ልዩ ወረዳዎች ባንድነት አዲስ ክልል ይመሥርቱ ወይስ አይመሥርቱ? ለሚደግፈው ነጭ እርግብ፣ ለማይደግፈው ጎጆ ቤት ምልክት ሆነው ወረቀቱ ላይ ታተሙ። የወላይታው ሰኔ ላይ እንደገና ተደርጎ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ይህን ሁሉም ያውቃል።

እኛን ያስደነቁን ምልክቶቹ ናቸው። እርግቧና ጎጆዋ ለምን አስፈለጉ? ፊደል ያልቆጠረ መራጭ ወረቀቱን አይቶ እንዲለይ አይደለም እንዴ? እንግዲያው ምልክት ማለት እርዳታ ነው። መንግሥት ገንዘብ አውጥቶ፣ ሠዓሊ ቀጥሮ፣ አሳትሞ ለሚሊዮኖች ያደረገው እርዳታ። ከቦንኬ ደጋ ወርዶ ጎጆዋን ወይም እርግቧን አይቶ አሻራውን ያሳረፈ ገበሬ ግን «ተረድቼ መረጥሁ» አይልም፤ መረጥሁ ነው የሚለው። ማንም ደግሞ «ምስኪን፣ በምልክት ነው የመረጠው» ብሎ አላዘነለትም። እርዳታው ለብዙ ሰው ሲሆን ሥርዓት ይባላል፤ ለጥቂት ሰው ሲሆን ደግሞ ችሮታ። ለዓይነ ስውሩ እርግብም ጎጆም እኩል ልሙጥ ወረቀት ናቸው። የሁለቱ ሰዎች ልዩነት አንዱ እርዳታ የሚሻ ሌላው የማይሻ መሆኑ ሳይሆን፣ የአንዱ እርዳታ አስቀድሞ ወረቀቱ ላይ መታተሙ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የክፍል ጓደኛችን የተቃወመንን ሳንጽፍ አናልፍም። ልጁ ከጋሞ ደጋ የመጣ ነው፤ ክርክር ይወዳል። «ስሙ እንጂ፣» አለን፣ «ይኼ ምሥጢር፣ ምሥጢር የምትሉት ነገር የፈረንጅ ነው። የኛ አባቶች ዱቡሻ ላይ ሲቀመጡ ማን ምን እንዳለ ፀሐይ ይሞቀዋል። ሁሉም በየተራ ይናገራል፤ ነገሩ እስኪጠራና እስኪስማሙ ድረስ አይነሡም። መጋረጃ ውስጥ ገብቶ ወረቀት አጥፎ መውጣትን ማን አስተማረን? ዓይነ ስውሩም ከልጁ ጋር ገብቶ ቢመርጥ ምን ነውር አለው?»

ክርክሩ ቀላል አይደለም። ዱቡሻ ለማያውቅ አንባቢ፣ የጋሞ ሕዝብ ጉዳዩን የሚመክርበት አደባባይም ጉባኤም ስም ነው። ማርክ አቤሌስ የሚባል ፈረንሳዊ የሥነ ሰብእ ምሁር ከአርባ ምንጭ ብዙም ስለማትርቀው ስለ ኦቾሎ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው መጽሐፍ ዋና ጉዳዩ ይኸው የጉባኤ ሥርዓት ነው። ጓደኛችን ያላየው አንድ ነገር አለ፤ እሱም የራሱን ክርክር የሚገለብጥ ነው። ዱቡሻ ላይ የተቀመጠ ዓይነ ስውር አባት ረዳት አያስፈልገውም! የሚባለውን ሁሉ በጆሮው ይሰማል፤ ተራው ሲደርስ በገዛ አፉ ይናገራል። ያለውን ሰው ሁሉ ስለሰማው ማንም ሊያጣምምበት አይችልም። ሐሳቡ ምሥጢር አይደለም፣ ግን የራሱ ነው። መጋረጃው ውስጥ ከልጁ ጋር የገባው ሰውዬ ግን ሁለቱንም አጥቷል፤ እንደ ዱቡሻው ሐሳቡን በገዛ አፉ በሕዝብ ፊት አልተናገረም፣ እንደ ጎረቤቱም ብቻውን አልመረጠም። ስለዚህ ዱቡሻን ለዚህ ምስክር መጥራት አይሆንም።

ደግሞ ዱቡሻን እንዲያው ገነት አድርገን አንሣለው። ሸክላ ሠሪውና ቆዳ አልፊው ከጉባኤው ተገልለው የኖሩበት ዘመን ረጅም ነው፤ ሴቶችም እንዲሁ። መስማት ለተሳነው ሰው ደግሞ ዱቡሻ ማለት የከናፍር እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ዓይነ ስውሩን ያልጎዳ ሥርዓት ደንቆሮውን ይጎዳል፤ ደንቆሮውን ያልጎዳው ወረቀት ዓይነ ስውሩን ይጎዳል። («ደንቆሮ» የሚለውን ቃል የተውነው ሆን ብለን ነው። መዝገበ ቃላታችን መስማት አለመቻልንና አላዋቂነትን ባንድ ቃል ጠርዟቸው እንደኖረ ይታይልን።) የትኛውም የመምከሪያና የመምረጫ ሥርዓት አንድን ዓይነት አካል ታሳቢ አድርጎ የተሠራ ነው። የጉድለቱ ግማሽ እሰውየው ላይ ሳይሆን እዚያ አሠራሩ ላይ ነው ያለው።

ወደ ምሥጢሩ እንመለስ። በመሠረቱ ድምፅ በምሥጢር ይሰጥ መባሉ ፈረንጆቹንም እርስ በርስ አከራክሯል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1861 ስለ ውክልና መንግሥት ባሳተመው መጽሐፍ ተቃውሞታል። ድምፅ ለመራጩ የተሰጠው የግል ንብረቱ ስለሆነ አይደለም፤ የሕዝብ አደራ ነው፤ አደራ የያዘ ሰው ደግሞ በአደባባይ ይታይ፣ ይጠየቅ ነበር ክርክሩ። ባለርስት ጭሰኛውን አስፈራርቶ የሚያስመርጥበት ጊዜ እያለፈ ነው ብሎም ያምን ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1872፣ የእንግሊዝ ፓርላማ የምሥጢር ምርጫን ሕግ አወጣ። ፓርላማው ከሚል ይልቅ ባለርስቱን ያውቀው ኖሯል።

የሚያስገርመው ግን እዚያው ሕግ ውስጥ ያለው ነገር ነው። መራጩ ዓይነ ስውር ከሆነ ወረቀቱን የሚሞላለት የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ እንዲሆን፣ ይህም የዕጩዎቹ ወኪሎች ባሉበት እንዲፈጸም ደነገገ። እስቲ አስቡት! ለሌላው ሰው ሁሉ ምሥጢር ሊያደርግ የተነሣ ሕግ ዓይነ ስውሩን በተወዳዳሪዎቹ ወኪሎች ፊት ጮክ ብለህ ተናገር አለው። ክፉ አስበው አይመስለንም። ማጭበርበር እንዳይኖር ፈርተው ነው። ማጭበርበርን ከመራጩ በላይ ፈሩ።

ከዚያ ወዲህ ዓለም ቀስ እያለ ወደ ሌላ ሐሳብ ሄዷል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 29 ላይ ድምፅ በምሥጢር መሰጠቱን ካረጋገጠ በኋላ፣ አስፈላጊ ሲሆን፣ ራሳቸው ሲጠይቁ፣ ራሳቸው በመረጡት ሰው እንዲረዱ ይፈቀድ ይላል። አገራችን ይህን ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃዋለች። የ2011 ዓ.ም. የምርጫ አዋጅም፣ ቁጥር 1162፣ እርዳታ የሚያስፈልገው መራጭ በረዳት እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ስምምነቱ ውስጥ ያሉትን ሦስት ቃላት ልብ በሉ፤ ሲያስፈልግ፣ ሲጠይቁ፣ በመረጡት። ሦስቱም ሥልጣኑን ለመራጩ የሚሰጡ ናቸው። «እኔ ላስመርጥህ» ብሎ ክንድ ጨብጦ የሚገባ ደግ ሰው፣ ደግነቱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ሦስቱንም ጥሷል።

የኛ ሐሳብ እንግዲህ ይኼ ነው። ምሥጢር ማለት ማንም የማያውቀው ነገር ማለት አይደለም። ምሥጢር ማለት ማን ይወቀው የሚለውን የምወስነው እኔ ስሆን ነው። አንድ ሰው ምሥጢሩን ለንስሐ አባቱ ወይም ለልብ ወዳጁ ቢነግር ምሥጢርነቱ አልቀረም፤ እንዲያውም «ምሥጢረኛዬ» የሚል ውብ ቃል አለን። ስለዚህ ዓይነ ስውሩ መራጭ የመረጠውን ሰው ይዞ መግባቱ ምሥጢሩን አያፈርስበትም። የሚያፈርስበት ምሥጢረኛውን ሌላ ሰው ሲመርጥለት ነው። እስከዚህ ድረስ ከሕጉ ጋር አልተጣላንም።

የምንጣላው «መረጠ» የሚለው ቃል ላይ ነው። በየቤታችን ያለውን እንይ። በ1998 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የተደረገው የዓይን ጤና ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ማየት የተሳነው መሆኑን አሳይቶ ነበር፤ ከዚህም ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው። ትራኮማም ድርሻ አለው። የዓይን ሞራ በአብዛኛው የእርጅና በሽታ ነው። እንግዲህ ስለ ዓይነ ስውር መራጭ ስናወራ ብሬይል የተማረ፣ ነጭ በትር ይዞ ከተማ ለከተማ የሚሄደው ወጣት ብቻ አይደለም። የሚበዛው ትናንት ቤቱን ሲያዝ የነበረ፣ ዛሬ ልጁ እጁን ይዞ ደጅ የሚያወጣው ሽማግሌ ነው። ወይም ምራቷ የምታበላት አሮጊት ናት። እነዚህ ሰዎች ረዳታቸውን ይመርጣሉ ስንል ከስንት ሰው መካከል ነው የሚመርጡት? የሚመራቸው አንድ ሰው ነው። ያው ሰው ያበላቸዋል፤ ያው ሰው ነገም ያበላቸዋል። «ልጄ፣ አንተ ተወኝ፣ ከሌላ ሰው ጋር ልግባ» ማለት ራሱ ድምፁን መግለጥ ነው። ከልጁ የተለየ ሐሳብ ባይኖረው ለምን ይደብቀዋል?

ችግሩን ሌሎች አገሮች በከፊል አይተውታል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1982 የመምረጥ መብት ሕጋቸውን ሲያሻሽሉ ዓይነ ስውር፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ማንበብ የማይችል መራጭ በመረጠው ሰው ይረዳ፤ ነገር ግን ረዳቱ አሠሪው ወይም የአሠሪው ወኪል፣ የሠራተኛ ማኅበሩም ሹም ወይም ወኪል አይሁን አሉ። ሕንዶች ደግሞ ረዳቱ ዕድሜው ከ18 ያላነሰ ይሁን፣ ምሥጢር ለመጠበቅ ፈርሞ ይግባ፣ ባንድ ቀን ከአንድ መራጭ በላይ አይርዳ ብለው ደነገጉ። የሕንዱ ለኛም የሚጠቅም ይመስለናል፤ አምስት ስድስት አዛውንት አስከትሎ ከጣቢያው በር ላይ የሚቆም «በጎ አድራጊ» ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆነ ለማንም መንገር አያሻም። የአሜሪካው ሕግ አሠሪውን አየ፤ የሕንዱ ሕግ ሰብሳቢውን አየ። ቤቱን ግን አንዱም አላየም። ሊያየውም አይችልም፤ «ቤተሰብ አይርዳ» የሚል ሕግ ቢወጣ ብዙው ሰው ጭራሹን ረዳት አልባ ሆኖ እቤቱ ይቀራል።

ከኛው መካከል አንዷ ያጫወተችንን እንጨምር። በሕዝበ ውሳኔው ጊዜ ዓይናቸው የጠፋ አያቷን ሦስት ዘመድ «እኔ ልውሰድዎት» ብሎ ጠየቃቸው። ሦስቱንም መርቀው መለሷቸውና የጎረቤት ልጅ አስጠርተው ከሷ ጋር ሄዱ። ቤተሰቡ ተቀየመ፤ «ከሥጋችን ባዳ ይበልጣል ወይ» ተባለ። አሮጊቷ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እሷ ነገ አግብታ ትሄዳለች፤ የኔንም ነገር ይዛው ትሄዳለች።» ስለ ምሥጢራዊ ድምፅ ከዚህ የተሻለ ትርጉም ላይብረሪ ውስጥ አላገኘንም። ቢሆንም ሁሉም ሰው የሳቸውን ያህል ብልኀትና ድፍረት ይኖረዋል ብለን ሕግ ልንሠራ አንችልም። ደግሞ ልጅቷ በትክክል መሙላቷን እሳቸው በምን አወቁ?

ይኼኛው ጥያቄ ከሁሉም የከፋው ነው። አብረውን የሚማሩ ዓይነ ስውራን ጓደኞቻችን ስለ አንባቢ ሲያወሩ ብትሰሙ ትገረማላችሁ። መጽሐፍ የሚያነብላቸው፣ ፈተና ላይ ጥያቄውን አንብቦ መልሳቸውን የሚጽፍላቸው ሰው ማለት ነው። «እኔን አንባቢ አያታልለኝም፣» አለን አንዱ፣ «ገጽ ሲዘል ከወረቀቱ ድምፅ አውቃለሁ። የማይገባውን ቃል በጉሮሮው ሲውጠውም አውቃለሁ። ከጠረጠርሁ ሌላ ሰው ደግሞ ያነብልኛል።» ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፍርድ ቤት በራፍ ላይ የሚቀመጠውን ማመልከቻ ጸሐፊም አስቡት፤ ፊደል የማያውቀው ባለጉዳይ ያለውን ሁሉ ይነግረዋል፣ ጸሐፊው ይጽፋል፣ መልሶ ያነብለታል። ባለጉዳዩ ካላመነው ወረቀቱን ይዞ ጥግ ዞሮ ሌላ ሰው ያስነብባል። ዳኛውም ሲያነበው ይሰማል። አደራው ሊፈተሽ ይችላል። የድምፅ መስጫ ወረቀት ግን አንዴ ታጥፎ ሳጥኑ ውስጥ ከገባ ዳግመኛ አይገኝም፤ ስም የለበትም፣ መልስ አይመጣበትም፣ ሌላ ሰው አያነበውም። ሌላውን መራጭ የሚጠብቀው ያው ስም አልባነት ለክፉ ረዳት ዋሻ ይሆንለታል። አደራ በላው አይታወቅም፤ ደጉም ረዳት ቢሆን ደግነቱን ማስመስከር አይችልም። «ሞላሽልኝ?» «አዎን እማማ።» በቃ።

እንግዲህ ረዳት የመምረጥ መብት መብት የሚሆነው ረዳትን የመተውም መብት ሲኖር ነው ባዮች ነን። ብቻዬን መግባት እችላለሁ፣ ግን ልጄን ስለማምነው ይዤው እገባለሁ ያለ ሰው መረጠ ይባላል። ሌላ መንገድ ስለሌለው ከልጁ ጋር የገባ ሰው ግን አልመረጠም፤ ተመራ። አሮጊቷም ብቻቸውን መግባት ቢችሉ ኖሮ ዘመድ ባልተቀየመ ነበር፤ «እኔ እኮ ብቻዬን እገባለሁ» ማለት ማንንም አያስቀይምም።

«ይኼ በደሃ አገር አይሆንም» የሚለን አይጠፋም። ይህን ሰው ስለ መሣሪያው አንድ ነገር እንንገረው። ወፍራም ወረቀት ወይም ካርቶን ታጥፎ ኪስ ይሆናል፤ የድምፅ መስጫው ወረቀት እኪሱ ውስጥ ይገባል፤ ካርቶኑ በየምርጫው ትይዩ ተበስቶ ቀዳዳ ይኖረዋል። መራጩ በጣቱ ቀዳዳውን ቆጥሮ በዚያ ውስጥ ምልክት ያደርጋል ወይም አሻራውን ያሳርፋል። ብሬይል መማር አያስፈልግም፤ መቁጠር ብቻ። ጋና እ.ኤ.አ. በ2004 ምርጫዋ እንዲህ ባለ መሣሪያ ተጠቅማለች። በኛው ሕዝበ ውሳኔ ልክ ብናስበው ደግሞ ቀዳዳው ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ ለእርግቧ፣ አንዱ ለጎጆዋ። ዶርዜ ላይ ያን ሁሉ ጥበብ ጥለት አሳምሮ የሚሸምን እጅ ባለበት አገር ሁለት ቀዳዳ መብሳት አቃተን ቢባል ማን ያምናል?

በጠቅላላ ምርጫ ጊዜ ግን ነገሩ እንደዚህ አይቀልም። እንደ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ባለው ምርጫ ለተወካዮች ምክር ቤት አንድ ወረቀት፣ ለክልል ምክር ቤት ሌላ ወረቀት አለ፤ ዕጩዎቹም ከምርጫ ክልል ምርጫ ክልል ስለሚለያዩ ካርቶኑም ይለያያል። ሦስተኛው ቀዳዳ የማን እንደሆነ መራጩ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 የፈረደው ይህንኑ ነው፤ መራጩ ቀዳዳውን አግኝቶ የዕጩውን ስም ማወቅ ካልቻለ መሣሪያው ሕጉ የሚለውን አያሟላም አለ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ በሬዲዮ በየቋንቋው ይነገር፣ በጣቢያውም በር ላይ አስፈጻሚው ለጠየቀው ሁሉ ጮክ ብሎ ያንብብ። በጋሞኛ፣ በዘይስኛ፣ በአማርኛ፣ እንደየአገሩ። ይህ ድካም አለው። ግን ድካሙ ከሠዓሊው ድካም፣ ምልክቱን ከማሳተሙ ድካም አይብስም፤ ያንን ደግሞ ማንም «አቅም የለንም» ብሎት አያውቅም።

ስለ አቅም ከተነሣ ሕገ መንግሥቱንም ማየት ነው። አንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት የሚረዳው የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ነው ይላል። ጥሩ፤ ደሃ ነንና ይሁን። የመምረጥ መብትን የያዘው አንቀጽ 38 ግን ያለ ልዩነት፣ በእኩልነትና በምሥጢር ካለ በኋላ «አቅም በፈቀደ መጠን» አይልም። ዳቦ ሲያጥር ይታጠራል፤ ድምፅ ግን አንድ ሰው አንድ ነው፣ ግማሽ የለውም። ብዙ ሰዎች ሲከራከሩ የሰማነው አንቀጽ 38ን በአንቀጽ 41 ዓይን እያነበቡ ነው። ካርቶኑ ምጽዋት መስሏቸው ነው።

ስለ እግር ብዙ አንጽፍም፤ ጉዳዩ የታወቀ ነው። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ ይኑረው ይላል፤ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ሽቅብ የሚገፋ ባለ ተሽከርካሪ ወንበር ግን ከሕንፃው በፊት ዳገቱ ይጠብቀዋል። በደጋው በኩል ደግሞ በቀይ አፈሩ ጠንቅ እግራቸው ያበጠ ብዙ ገበሬዎች አሉ፤ ሰኔ ላይ ጭቃውን ጥሰው ጣቢያ መድረሳቸው ራሱ ድምፅ ነው። ሆኖም እግር የሆነለት ረዳትና ፈቃድ የሆነለት ረዳት አንድ አይደሉም። አዝሎት የመጣው ሰው በሩ ላይ አውርዶት ይመለስ፤ የታዘለው ሰው ከመጋረጃው ኋላ ብቻውን ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ አስፈጻሚ በምርኩዝ የመጣውን ሁሉ «ረዳትህ የታለ?» ይለዋል።

ያገራችንን ሽማግሌ ነገር ሳናነሣ እንዳንቀር። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ሰዎች ከተገደሉ በኋላ በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሣውን ወጣት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው መለሱት። አገር ምድሩ አደነቀ፤ እኛም እናደንቃለን። ነገር ግን የአባት ቃል እንዲህ ተራራ የሚያህል ክብደት ባለበት አገር አንድ ሰው ከአባቱ፣ ከልጁ፣ ከጎረቤቱ ዓይን ተሠውሮ አንድ ደቂቃ ብቻውን የሚቆምበት ሥፍራ እጅግ አስፈላጊ ነው። ሽማግሌ ሲለምን እንታዘዛለን፤ ደግ ነው። መጋረጃው ግን የማንታዘዝበት ቦታ ነው። ለዓይነ ስውሩ ይህ አንድ ደቂቃ ከተነፈገው ሌላ የትም አያገኘውም፤ ቤቱ፣ መንገዱ፣ ገበያው ሁሉ በሰው እጅ ነውና።

አንድ ጥያቄ ግን ካርቶኑም አይፈታውም። እስካሁን ያወራነው ፈቃዱ ጥርት ብሎ ስላለ፣ እጁ ወይም ዓይኑ ብቻ ስላነሰው ሰው ነው። የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ስላለበት ሰውስ? አንድ ጓደኛችን ወንድሙን እያሰበ እንዲህ ሲል ጠየቀን፤ ወንድሙ እርግብ ይወዳል፤ እርግቧን ያየ ጊዜ እርግቧን ይነካል። ይህ ድምፅ ነው? አይደለም ካልን ደግሞ፣ የምልክቱ ቀለም ስላማረው ብቻ የመረጠውን ጤነኛ ሰው ማን ፈትኖት ያውቃል? ለጤነኛው የማናደርገውን ፈተና ለዚህ ልጅ የምናደርግበት ምክንያት ምንድን ነው? ከመካከላችን ግማሹ ይምረጥ አለ፤ ግማሹ ረዳቱ ነው የሚመርጠው አለ፤ መብራት እስኪጠፋ ተከራክረን አልተስማማንም። በዚህ ላይ ሐሳብ ያለው ተማሪ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ለማባዣውም ለእኛም ይቀለናል።